ውራ የወጣንበት ዓመት

በአንድ አምላክ ስም፣ አሜን።

ዛሬ ቅዳሜ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓመተ ምሕረት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ እኔ አያልነህ ደብሬ፣ የወረታ ከተማ ነዋሪ፣ ዕድሜዬ ስድሳ ሰባት፣ ሥራዬ ማመልከቻ ጽሕፈት፣ በገዛ ቤቴ አልጋዬ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን የኑዛዜ ቃል እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ እግሬ አብጧል፤ አእምሮዬ ግን እንደ ወትሮው ነው። ለዚህም ማስረጃ ይሆን ዘንድ፣ የኮርማ እግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ የገባበትን ሃያ ስድስት ጎል፣ ማን እንዳገባውና በማን ስንፍና እንደገባ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በምስክሮቹ ፊት በቃሌ ወጥቻለሁ። አቶ ሳልህ አንዱን ብቻ አርመውኛል፤ እርሱም አከራካሪ ነው።

ቃሌን የሚጽፈው ደሞዝ ነው። ደሞዝ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ከእኔ ጃንጥላ ቀጥሎ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የእጅ ጽሑፉ በረዶ የመታው ማሳ ይመስላል፤ ጆሮው ግን ታማኝ ስለሆነ መርጬዋለሁ። በዚህ ክፍል የተነገረውን ሁሉ ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ፤ ይህንንም ጭምር።

የተቀሩት ምስክሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው አቶ ሳልህ መሐመድዘይን፣ ከመገንጠያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ፣ ኮርማ በተጫወተ ቁጥር ሱቃቸውን ቆልፈው ከእኔ ጋር ሜዳ የሚውሉ ናቸው። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ትሁን፣ በርበሬ ነጋዴ፣ የደጋፊዎቹ ሁሉ አፍ ናት። ዛሬ ገበያ ቢሆንም በርበሬዋን ለጎረቤት ትታ መጥታለች፤ በየመካከሉም ይህን ታስታውሰናለች። ሦስተኛው የነፍስ አባቴ መምሬ ማረው ናቸው። ከዚህ ከተቀመጥነው ሁሉ ኳስ የማይወዱ እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ከወገንተኝነት የጸዳ ምስክር ቢፈለግ እርሳቸው ይጠየቁ።

አንደኛ፦ ስለ ቀብሬ። ኮርማ በሚጫወትበት ቀን እንዳልቀበር አደራ እላለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ውኃ ተኝቶበት ዳክዬ ስለሚዋኝበት፣ በእነዚህ ሁለት ወራት ብሞት ችግር የለም። ከኅዳር ወዲያ ብሞትና ቀኑ ቢገጣጠም ግን፣ ጨዋታው ሳይሆን እኔ ልቆይ።

እዚህ ላይ መምሬ ማረው «አስከሬን አይቆይም፣ አያልነህ» አሉ።

«እንግዲያው በጠዋት ቅበሩኝና ሰዎቹ ለጨዋታው ይድረሱ» አልኋቸው። ይህ እንዲጻፍ ተስማምተናል።

ሁለተኛ፦ ይህ የምተኛበት ቤት፣ ከነጓሮው፣ ለልጄ ለአማከለችና ለልጄ ለደሳለው እኩል ይሁን። ከሟች ባለቤቴ ከወለተ ሐና ጋር ጭቃውን በእጃችን መርገን የሠራነው ነው። አማከለች ይፋግ ከተማ አግብታ በደኅና ትኖራለች። ደሳለው አናጢ ነው፤ የዚህን ቤት በርና መስኮት የሠራው እርሱ ነው። ካለፈው ሰኔ ጀምሮ ግን በሩን አልረገጠም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ አሁን ብናገር ሌላውን ሳልጨርስ እደክማለሁ።

ሦስተኛ፦ ቡሬ የምትባለው ጥገት ላሜ ከነጥጃዋ ለአማከለች ትሁን። በዚች ላም ላይ ግን የምናዘዘው ነገር አለኝ። ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኮርማ ዘንድሮ በአጠቃላይ ያገኘው ነጥብ አንድ ነው። ይህም በየካቲት ከዓለም በር ቡድን ጋር ስንጫወት የተገኘ ነው። ባዶ ለባዶ ነበርን፤ ነገር ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ ኳሷ ከእኛ ጎል አጠገብ አልራቀችም ነበርና ጎል ሊገባብን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ቡሬ ስድስት ከብት አስከትላ ሜዳ ገባች። ተጫዋቹ ተበተነ፤ አንዱ ወይፈን ኳሷን በቀንዱ ወጋት። ሌላ ኳስ አልነበረም። ዳኛውም ጨዋታውን በአቻ ውጤት ፈጸመው። ሕዝቡ የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለ። እኔም ነው አልሁ። ነገር ግን ገመዷን የፈታሁት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ትሁን «አውቄ ነበር!» ብላ ተነሣች። «ገመዱን በኪስዎ ሲጠቀልሉ አይቼ ዝም ብያለሁ።»

መምሬ ማረው ስለዚህ ሦስት ቀን ጾም አዘዙኝ። የኮርማ ነጥብ ግን ይቀነስ አላሉም፤ አመሰግናቸዋለሁ።

አራተኛ፦ በሣጥኔ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንድ የብረት ፊሽካ ይገኛል። ይህ ፊሽካ የዳኛው ነው። በጥር ወር ኮቱን አጥር ላይ ሰቅሎ እጁን ሲታጠብ ከኪሱ ያወጣሁት ነው። በዚያን ቀን ሁለት ጎል ሽሮብን ነበርና ሰይጣን አሳሳተኝ። ምስኪኑ ሰው እስከ ዓመቱ መጨረሻ በአፉ እያፏጨ ዳኘ። እውነት ለመናገር በአፉ ሲያፏጭ ትንፋሹን ስለሚቆጥብ የተሻለ ዳኛ ሆኖ ነበር። ፊሽካው ታጥቦ ከነይቅርታዬ ይመለስለት።

አምስተኛ፦ ጃንጥላዬ፣ ጠረጴዛዬና ያልተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ለደሞዝ ይሁን። ባለጉዳዮቼንም ይውረስ፤ ነገር ግን ፊደሉን ያስተካክል። ሬዲዮዬ ለአቶ ሳልህ ይሁን፤ የድምፁ መዘውር ስለተሰበረ ዝቅ አይልም፤ የአቶ ሳልህም ጆሮ ስለደከመ ይስማማሉ።

«ጆሮዬ አልደከመም» አሉ አቶ ሳልህ።

ጆሮዬ አልደከመም ብለዋል፤ ይጻፍ። ሬዲዮው ግን የእርሳቸው ነው።

ስድስተኛ፦ እነሆ ልናገረው ወደማልፈልገው ነገር ደረስሁ። ደሞዝ፣ ወረቀት ቀይር።

የቡድናችንን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። በፎገራ ሜዳ፣ ከብቱ እንዲህ በሚያምርበት ሀገር፣ ቡድን ከተቋቋመ ስሙ ኮርማ እንጂ ሌላ ሊሆን አይገባም ብዬ ተሟግቼ ረታሁ። በወረዳው ከኮርማ በፊት የሚወጣ አልነበረም። ዘንድሮ ግን አውራ ለመሆን የተነሣው ቡድን አንዲት ፊደል ጠፍታበት ውራ ሆነ። ዘጠኝ ጨዋታ ነበረን፤ ሰባቱን ተራ በተራ ተሸነፍን፤ ስምንተኛውን ቡሬ አዳነችን። አጥቂያችን ኳስ ወደ እርሱ ስትመጣ ያበደ ውሻ እንዳየ ሰው ይሸሽ ነበር። የተጠባባቂው በረኛና ሁለቱ ተከላካዮች ለብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል። አሠልጣኙ ይህን ሊያስረዳን ቢሞክር ሰሚ አላገኘም፤ ደጋፊ ሰበብ የሚቀበለው ሲያሸንፍ ነውና።

እኛም ደጋፊዎቹ አበድን። አቶ ሳልህ «ሁለተኛ ሜዳ አልረግጥም» ብለው ሦስት ጊዜ ማሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ በሚቀጥለው እሑድ ከእኔ ቀድመው ተገኙ። ወይዘሮ ትሁን ለተጫዋቾቹ እናቶች በርበሬ አልሸጥም ብላ ሁለት ሳምንት አደመች። እኔ ደግሞ ማመልከቻ ጻፍሁ። ለውድድሩ ኮሚቴ ዘጠኝ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። አንዱ ሜዳው ወደ እኛ ጎል ያዘነበለ ስለመሆኑ፣ አንዱ ኳሷ ከልክ በላይ ስለመነፋቷ፣ አንዱም ፀሐይ በሁለተኛው አጋማሽ የእኛን በረኛ ዓይን ብቻ ስለምትወጋ ነበር። በፀሐይ ላይ የጻፍሁት ማመልከቻ ከሁሉ ያማረ ነበር፤ ሰባት አንቀጽ ነው። መልስ አልመጣም።

በረኛው ልጄ ደሳለው ነው። ሃያ ስድስት ጎል ገባበት ስትሉኝ፣ ስንት አዳነ ብላችሁ ጠይቁኝ። እኔ ግን አባቱ ነኝና ያዳነውን አልቆጠርሁም።

የመጨረሻው ጨዋታ ግንቦት ፲፯ ቀን፣ እሑድ፣ በወረታ ሜዳ ከይፋግ ቡድን ጋር ነበር። የይፋግ አጥቂ አበረ ነው፤ አበረ ደግሞ የልጄ የአማከለች ባል ነው። እንግዲህ ልጄ በረኛ፣ አማቼ አጥቂ ማለት ነው። ይፋግ ዋንጫውን አስቀድሞ ወስዷልና ለእርሱ ጨዋታው የእግር ማሟሟቂያ ነው። ለእኛ ግን አቻ ብንወጣ ከዓለም በር በአንድ ጎል በልጠን ከውራነት እናመልጥ ነበር። ሕዝቡ ከየቀበሌው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ ለአንድ ሆነን ልንፈጽም ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ተከላካያችን ኳሷን በእጁ ነካ። ዳኛው በአፉ አፏጨ። ሪጎሬ!

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ። በፋሲካ ማግሥት ይፋግ ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። አማከለች ስለ ባሏ እየሳቀች ስታጫውተኝ «አባዬ፣ ለማንም አይንገሩ እንጂ አበረ እኮ ሪጎሬ ሲመታ ሁልጊዜ ወደ ቀኙ ነው። ቤት ውስጥ ካልሲውን እንኳ ሲወረውር ወደ ቀኙ ነው» አለችኝ። እኔም ለማንም አልናገርም ብዬ በእናቷ ስም ማልሁላት።

አበረ ኳሷን አስቀመጠ። እኔ ከጎላችን ጀርባ፣ ከልጄ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርሁ። የልጄ ምስጢር በአንደበቴ ላይ ነደደ። መሐላዬን በላሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ደሳለው! ወደ ቀኝህ! ወደ ቀኝህ!» ብዬ ጮኽሁ።

ደሳለው ወደ ቀኙ ወደቀ። ኳሷ በግራው ገባች።

ተነሥቶ ጎኑን ሳያራግፍ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ተመለከተ። ምንም አላለኝም። እኔ ግን አልሁት። አራት ሺህ ሰው በሚሰማበት ሜዳ፣ «ለአማችህ ሸጥኸን!» አልሁት። ቃሉን ከአፌ ተቀብሎ ሜዳው ሁሉ አስተጋባው። በማግሥቱ ገበያው ሁሉ ይህን ያንጎራጉር ነበር፦

ኮርማው ከሜዳ ላይ ሰንጋ ሆኖ ቀረ፤
በረኛው ለአማቹ በር ከፍቶ አደረ።

«ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ወይዘሮ ትሁን። ድምፅዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

እንደሆነሽ አውቃለሁ፤ ግጥሙ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱም እርሱ ነው። መጥፎ ግጥም ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ይረሳ ነበር።

እኔ ግን ከዚያም የባሰ አደረግሁ። ማክሰኞ ዕለት ጃንጥላዬ ሥር ተቀምጬ፣ በዘመኔ ከጻፍኋቸው ሁሉ ባማረ እጅ ጽሕፈት፣ አሥረኛውን ማመልከቻ ጻፍሁ። «በረኛው ደሳለው አያልነህ ከዝምድና የተነሣ ጎሉን ስለለቀቀ ከወረታ ቡድን ለዘለዓለም እንዲሰናበት» ይላል። አርባ ሦስት ሰው ፈረመበት። የመጀመሪያው ፊርማ የእኔ ነው።

አቶ ሳልህ «ሁለተኛው የእኔ ነው» አሉ።

ለቡድኑ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ሽንፈታችን ከንቃት ማነስ የመጣ ነው ብሎ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ከዚያም ደሳለው ተነሥቶ ራሱን እንዲሂስ ታዘዘ። ልጄ ተነሣ። ወደ ተቀመጥሁበት አልተመለከተም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ተሰናበተ። ሰኔ ሁለት ቀን መሣሪያዎቹን በከረጢት ይዞ በጭነት መኪና ወደ ይፋግ፣ ወደ እኅቱ ሄደ። እኔም ቤቴ ገብቼ ድል እንዳደረገ ሰው እራቴን በላሁ።

አማከለች መታመሜን ሰምታ የመጣች የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ሰላም ብላ ሳትቀመጥ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ያን ዕለት ምን ብለው ነበር የጮኹት?»

«ወደ ቀኝህ ነዋ። አንቺ ወደ ቀኙ ነው የሚመታው አላልሽኝም?»

«የማን ቀኝ?»

«የባልሽ ቀኝ።»

 ከዚህ አልጋ ፊት ለፊት፣ እዚያ በሩ አጠገብ ሄዳ ቆመች። «ቀኝ እጅዎን ያንሡ» አለችኝ። አነሣሁ። እርሷም ቀኝ እጇን አነሣች። የእኔ እጅ ወደ መስኮቱ ነበር። የእርሷ ወደ እንስራው።

እጄን ማውረድ ረስቼ ብዙ ቆየሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰውን መብት በወረቀት ሳስከብር የኖርሁ ሰው፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ እንደሆነ የተማርሁት በስድሳ ሰባት ዓመቴ፣ ልጄን ከቤቱ ካስወጣሁ በኋላ ነው።

«ደሳለው ያውቅ ነበር?» አልኋት።

«አበረ ወዴት እንደሚመታ? ያውቃል እንጂ፤ ቤታችን ሲመጣ አብረው አይደል የሚለማመዱ። ግን እርስዎ ጮኹ።»

«ታዲያ በስብሰባው ለምን አልተናገረም?»

«ቢናገር እርስዎ ይዋረዳሉ። እኔም የባሏን ምስጢር ያወጣች ተብዬ ቤቴ ይታመሳል። ሁለታችንን አይቶ ዝም አለ።»

ይህን ለአበረ እርሷው በገዛ አፏ ነግራዋለች። አበረም ተቆጥቶ ሊጮኽ ሲል ሳቅ ቀደመው ይባላል። ስለዚህ ይህን እዚህ መናገሬ ትዳሯን አይጎዳም፤ ምስጢሩም ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም፤ አበረ ወደ ግራው መምታት ጀምሯል።

እንግዲህ በእነዚህ አራት ምስክሮች ፊት እላለሁ፦ ልጄ ደሳለው ጎሉን አልሸጠም። ጎሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይፋግም አላታለለም፤ ዳኛውም በዚያን ቀን አልተሳሳተም፤ ፀሐይዋም ከደመና በስተጀርባ ነበረች። ኮርማን ውራ ያደረግሁት እኔ አያልነህ ደብሬ ነኝ።

 አቶ ሳልህ ቀድመው ተናገሩ።

«እኔ ከእርስዎ አጠገብ ነበርሁ፣ አያልነህ። ቀኝ ብለው ሲጮኹ እኔም ቀኝ ብዬ ጮኼያለሁ። ከየት እንዳመጡት እንኳ አልጠየቅሁም።»

«እኔም ጮኼያለሁ» አለች ወይዘሮ ትሁን። «እንዲያውም ከእርስዎ ድምፅ ይልቅ የሰማው የእኔን ይሆናል።»

መምሬ ማረው «እኔ አልነበርሁም» አሉ። ይህም ተጽፏል።

ሰባተኛ፦ ከሞትሁ በኋላ ሳይሆን ዛሬውኑ፣ አሥራ አንደኛ ማመልከቻ ይጻፍ። አሥረኛውን የሚሽር፣ ልጄ ወደ ቡድኑ እንዲመለስ የሚጠይቅ ይሁን። በደሞዝ እጅ ይጻፍ፤ የእኔ እጅ ጽሕፈት ሲያምር ሰው ሳያነብ ይፈርማል፤ ይህኛውን ግን ሁሉም ለማንበብ ይቸገር፤ እየተቸገረም ያንብበው። አርባ ሦስቱ ሰዎች በየቤታቸው ተዞሮ ይፈርሙ። ወይዘሮ ትሁንም ለልጄ ሌላ ግጥም ታውጣለት።

«እሞክራለሁ» አለች ትሁን። «ግን እንዲያ ያለ ግጥም ሁለት ጊዜ አይመጣም፤ ከአሁኑ ልንገርዎ።»

ይህን እየተናገርን ሳለ በሩ ተንኳኳ። አማከለች ገባች፤ ከኋላዋም ደሳለው። ከይፋግ በጭነት መኪና ሲመጡ በመንገዱ ሁለት ቦታ ጭቃ ስለያዛቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ልጄ በሩ ላይ ቆመ። የሠራውን በር በእጁ ገፋ አድርጎ አየው፤ ዝናብ አሳብጦት ነበርና። ከዚያ ጉልበቴን ስሞ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ። ደሞዝን መጻፍ እንዳያቆም አዘዝሁት።

«እንዴት ነዎት፣ አባዬ?»

«እግሬ አብጧል። ልጄ፣ ምን ብዬ ልጥራህ? ወዴት እንደሚመታ እያወቅህ ለምን ሰማኸኝ?»

ደሳለው ራሱን አከከ። «እግሬ ወደ ግራ ሊነሣ ነበር። የእርስዎን ድምፅ ሲሰማ ዞረ። ላስብበት ጊዜ አልነበረም።»

«በስብሰባውስ? አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?»

«ማን ያምነኝ ነበር? ማመልከቻውን የጻፉት እርስዎ ነዎት። እኔ ራሴ ሳነበው ሊያሳምነኝ ነበር።»

አቶ ሳልህ ሳቁ፤ ቀጥለውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ «ማረኝ» አልሁት። አባት ለልጁ ይህን ቃል ሲል በሀገራችን አልተለመደም፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ አልሁት። ደሳለው የምሬን መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ እኅቱ አየ። ከዚያ «ይማርዎ» አለ፤ አንገቴንም ስሞ ትንሽ ቆየ።

«በቃ፣ አሁን ትመለሳለህ!» አለች ወይዘሮ ትሁን እጇን እያጨበጨበች። «ማመልከቻው ዛሬ ይጻፋል። በኅዳር በረኛችን አንተ ነህ!»

ልጄ መሬት መሬት አየ። አማከለች ድንገት የእንስራውን ክዳን ማስተካከል ጀመረች። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ተናገር» አልሁት።

«እርስዎ የጻፉት ከወረታ ቡድን ይሰናበት ነው የሚለው። በሌላ ቡድን አይጫወት አይልም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «በዚህ ሳምንት ለይፋግ ፈርሜያለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ልመልሰው አልችልም።»

አቶ ሳልህ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ያ አላህ! ለይፋግ? ከሀገር ሁሉ ለይፋግ?» ወይዘሮ ትሁን «በርበሬዬን ልይ» ብላ ወደ በሩ ሄደች፤ ደርሳም ተመለሰች። መምሬ ማረው ይፋግ ምን እንዳደረገ በለሆሳስ ደሞዝን ጠየቁት። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ እጅግ ተቆጣሁ፤ ልቤም በኃይል መታ። ሁሉም ወደ እኔ ሮጡ። እኔ ግን የተቆጣሁት በልጄ አልነበረም። በአርባ ዓመት የማመልከቻ ጽሕፈት ዘመኔ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለው ጽሑፍ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም ነበር። «በማንኛውም ቡድን» የሚለውን ሐረግ ረስቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን ስገሥጽበት የኖርሁበት ስሕተት ልጄን እንጀራ አበላው። ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስምንተኛና የመጨረሻው፦ እግዚአብሔር እስከ ኅዳር ቢያቆየኝ፣ ወረታና ይፋግ በሚጋጠሙበት ቀን፣ በይፋግ ጎል ጀርባ በዱካ፣ በትንሿ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። አፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። አንዲት ቃል እንዳልናገር አማከለች አጠገቤ ትቀመጥ።

አቶ ሳልህ «አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱም በኑዛዜው ይግባ» አሉ። «ማንን ሊደግፉ ነው?»

ልጄም መልሴን ለመስማት ቀና አለ።

«ኮርማ ጎል ቢያገባበት በአንድ ዓይኔ አለቅሳለሁ፤ በአንድ ዓይኔ እስቃለሁ» አልሁ። «የትኛው ዓይን የትኛውን እንደሚሠራ ግን፣ ደሞዝ፣ አይጻፍ።»

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ ተነቦልኛል፤ ቃሌ ነው። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ወረቀቱን ልጄ ደሳለው በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞልኝ ፈርሜያለሁ።

አያልነህ ደብሬ

ምስክሮች፦

መምሬ ማረው፦ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ግማሹ አልገባኝም፤ ንስሐው ግን እውነተኛ ነው። ፊርማ

ወይዘሮ ትሁን፦ የአውራ ጣት አሻራ። አሻራው የቀላው በቀለም ሳይሆን በበርበሬ መሆኑ ተረጋግጧል።

ደሞዝ፦ ጸሐፊና ምስክር። ስለ እጅ ጽሑፌ የተባለውን ተቃውሜ፣ እንደታዘዝሁ ጽፌዋለሁ። ፊርማ

ሳልህ መሐመድዘይን፦ ለይፋግ በረኛ ያለኝ ተቃውሞ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለአያልነህ ልጅ ያለኝ ፍቅርም እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ፈርሜያለሁ። ፊርማ